ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት

ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣
ነሐሴ መስኮቱን ሲያልበው ውዬ ሳይ፣
በረንዳ ስወጣ መነጽሬ ጉም ለብሶ
ስገባ ይጠራል፣ ማቀዝቀዣው ደርሶ።
ከታች ኢትሃድ መንገድ መኪናው ተሳክሯል፤
ቀዩም አይነቃነቅ፣ ነጩም መብራት ቆሟል።

ሙንተሃ የለችም፤ የሌሊት ተረኛ ናት።
ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋ የሄደችው ወረቀት፦
«ኑሪያን በሦስት ሰዓት አስተኛት።
ሰዓቱን ከምግብ ጠረጴዛ አንሳ።»
የማንን ሦስት እንደሆነ አልጻፈችም፤
ኑሪያ የሚመቻትን መረጠች።

ሰዓቱንም አላነሳሁም።
ሆዱ ተከፍቶ ተኝቷል፣ የግድግዳ ሰዓት፣
ከሮላ አሮጌ ዕቃ ሻጭ በዐሥር ድርሃም የወሰድኩት።
ሌላው ኮርኒሽ ላይ ዓሣ ያጠምዳል ተቀምጦ፤
እኔ በወረንጦ
ጥርሳም መዘውር እለቅማለሁ፣ ምስር የምታህል፣
አንዴ ካመለጠች ፍሪጅ ሥር ገብታ የምትቀር ይመስል።
ትናንት አንዷ አመለጠች።

ቀን ቀን ዴራ ነኝ፤ ኮድ ነው እንጀራዬ፣
የክሊኒክ ቀጠሮ ሲያዝ ሲሰረዝ መዋያዬ።
ኮድ ሲበላሽ አይቆምም፤
እየሄደ ይዋሻል፣ ፊቱ እንኳ አይቀላም።
ሰዓት ግን ጨዋ ነው፤ ሲሞት ሞትኩ ይላል።

ኑሪያ ጉልበቴ ላይ ወጣች።
«ባባ፣ ልደቴን ጻፍልኝ» አለች።
ከፈትኩላት ቅጹን፣ ራሴ የሠራሁትን።
ቀን፦ ስድስት።
ወር፦ ጳጉሜ።

ቀላ።
«እባክዎ ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ያስገቡ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
አምና በረመዳን፣ ከማፍጠሬ በፊት፣ ሆዴ እየጮኸ፣
«እባክዎ» ስለጨመርኩ
ራሴን እንደ ጨዋ ሰው ቆጥሬ።

«ማነው የከለከለኝ?»
«ኮምፒዩተሩ።»
ዋሸሁ። ኮምፒዩተር ምን ያውቃል ከነገሩት በላይ?

እናቴ ከኮምቦልቻ «ሁለት ሰዓት ደውል» ስትለኝ
ስድስት እደምራለሁ፣ አንድ እጨምራለሁ፣ ዘጠኝ ነው፤
በእንቅልፌም አልስተውም።
ዐሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስኖር
አንዲት መስመር ግን አልጻፍኩለትም።

በማግስቱ ለቢጁ ነገርኩት፤
የኬረላ ሰው ነው፣ ኮዴን የሚያርመው።
«ዐሥራ ሦስተኛ ወር? ስንት ቀን አለው?»
«አምስት። አንዳንዴ ስድስት።»
«ደሞዝ ይከፈልበታል?»
«አይከፈልም።»
«የቤት ኪራይስ?»
«ኪራይም የለበትም።»
ሻዩን አስቀመጠ። ትንሽ አሰበ።
«ይህ ወር» አለ፣ «የት ነው የሚኖረው? እኔም ልሂድ።»

ቅጹን አልቀየርነውም፤ ደንበኛው አልጠየቀም።
ማታ ግን፣ ምስሩ ምድጃ ላይ እየሞቀ፣
ለኑሪያ ብቻ የምትሆን ትንሽ ገጽ ጻፍኩ።
ከአንድ እስከ ዐሥራ ሦስት።
የመጨረሻው አጭር፣ እንደ ቤት መጨረሻ ልጅ፣
ሁሉም ከጠገበ በኋላ ድርሻው የሚታወስ።

ስድስት፣ ጳጉሜ፣ ብላ በአንድ ጣቷ ነካች።
አልቀላም።
«ታዲያ ስንተኛ ልደቴ ነው?»
እኔም እንደ ሞኝ በትክክል ቆጠርኩላት፦
ከተወለድሽ ወዲህ ጳጉሜ ስድስት የመጣችው
አንዴ ብቻ ነው።
«አንድ ዓመቴ ነው?!»
አለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እያሰበች ነው።
«እንግዲያው ትምህርት ቤት አልሄድም። ሕፃን ነኝ።»

ሲነጋ ሙንተሃ ገባች፣ ዓይኗ ቀልቶ፣
የሆስፒታል ሽታ ልብሷ ላይ ተኝቶ።
ሰዓቱን አየችው፤ ሆዱ እንደ ተከፈተ ነው።
ኑሪያን አየቻት፤ ሶፋ ላይ፣ ጫማዋን እንዳደረገች።
ቁጣውን ከየትኛው እንደምትጀምር እያሰላች
ወንበር ስባ ተቀመጠች፤
ጫማዋን አውልቃ ካልሲዋን ስትገለብጥ
አንድ ነገር ጠብ አለ፣ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፦
ምስር የምታህል ጥርሳም መዘውር።

«ይህ ያንተ ነው?» አለችኝ።
ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ለበሽተኛ
ተሸክማው ስትዞር አድራለች።